ዊንዶውስና ሊኑክስ በአንድ ዲስክ ላይ ሲጣሉ፦ የክፍልፋይ ችግሮችን መፍቻ መመሪያ፣ ከደሴ የጥገና ጠረጴዛ

ነሐሴ ነበር። ጦሳ ጉሙን ለብሷል፤ የፒያሳ መንገድ በዝናብ ታጥቧል። አንዲት ተማሪ ላፕቶፗን በነጠላ ጠቅልላ ወደ ሱቄ ገባችና ጠረጴዛው ላይ ከፈተችው። ጥቁር ስክሪን፣ በላዩ ሁለት መስመር ነጭ ጽሑፍ። አንደኛው «እንዲህ ያለ ክፍልፋይ የለም» የሚል ነው፤ ሁለተኛው «ግራብ ሬስኪው» ብሎ ትእዛዝ ይጠብቃል። ግራብ ሲስተሞቹን ዘርዝሮ የሚያስነሳው የሊኑክስ ፕሮግራም ነው።

«ጋሼ፣ የመመረቂያ ጽሑፌ እዚህ ውስጥ ነው» አለችኝ።

የሆነውን ቀስ በቀስ ነገረችኝ። ላፕቶፑ ላይ ዊንዶውስና ኡቡንቱ የተባለው ሊኑክስ አብረው አሉ። የዊንዶውሱ ሲ ድራይቭ ሞላባት። ዲስክ ማኔጅመንትን ስትከፍት ስምም ፊደልም የሌለው ሰፊ ክፍልፋይ አየች፤ ማንም የማይጠቀምበት መስሏት አጠፋችው። ቦታውን ለሲ ልትጨምር ስትል ግን «ኤክስቴንድ ቮልዩም» የሚለው ምርጫ ደብዝዞ አልነካ አላት። ተስፋ ቆርጣ ላፕቶፑን ዘግታ መልሳ ስትከፍተው ይህ መጣ።

«አብሽሪ» አልኳት። ያ ደብዝዞ እምቢ ያላት ምርጫ ነው ጽሑፏን ያዳነው።

ከዚህ በታች የምጽፈው እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማችሁ የምትከተሉትን ቅደም ተከተል ነው። የትእዛዞችንና የምርጫዎችን ስም በድምፃቸው በአማርኛ አስቀምጫለሁ፤ ኮምፒውተሩ ላይ ስትጽፏቸው በእንግሊዝኛ ፊደል ነው።

መዝገቡና ማሳው

ክፍልፋይ ማለት በዲስኩ ላይ የተሰመረ ወሰን ነው። ወሰኑ የተጻፈው በዲስኩ መጀመሪያ ላይ ባለ ትንሽ መዝገብ ውስጥ ነው፤ ከዚህ እስከዚህ የዊንዶውስ፣ ከዚህ እስከዚህ የሊኑክስ ይላል። ክፍልፋይ ስታጠፉ የሚፋቀው የመዝገቡ መስመር ነው፤ ሌላ ሰው መጥቶ እስኪያርስበት ድረስ እህሉ ማሳው ላይ ቆሞ ይቆያል። ፎርማት ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ያ ማረስ ነው። በተለይ ዲስኩ ኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚሽከረከር አካል የሌለው ዓይነት ከሆነ፣ ፎርማት ሲደረግ ዲስኩ «ይህ ቦታ ባዶ ነው» ተብሎ ስለሚነገረው ይዘቱን ወዲያው ሊያጸዳው ይችላል፤ ያን ጊዜ የሚመለስ ነገር የለም።

መዝገቡ ሁለት ዓይነት ነው። አሮጌው ኤምቢአር ከ4 በላይ ዋና ክፍልፋይ አይመዘግብም፤ ከዚያ በላይ ከተፈለገ ከአራቱ አንዱ «ኤክስቴንድድ» ተብሎ በውስጡ ንዑሳን ክፍልፋዮች ይፈጠራሉ። ከ2 ቴራባይት በላይ የሆነ ዲስክንም በሙሉ አይጠቀምበትም። አዲሱ ጂፒቲ በዊንዶውስ እስከ 128 ክፍልፋይ ይይዛል፤ የመዝገቡን ቅጂ ደግሞ በዲስኩ መጨረሻ ላይ ያኖራል። ኮምፒውተሩ ሲበራ ሲስተሙን የሚቀሰቅሰው የውስጥ ፕሮግራም በአሮጌ ላፕቶፖች ባዮስ፣ በአዳዲሶቹ ዩኢኤፍአይ ይባላል፤ አሮጌዎቹ በኤምቢአር፣ አዳዲሶቹ በጂፒቲ ይሠራሉ።

በጂፒቲ ዲስክ ላይ ብዙውን ጊዜ 100 ሜጋባይት የሆነች፣ በፋት 32 የተዘጋጀች «ኢኤፍአይ» የምትባል ትንሽ ክፍልፋይ ታገኛላችሁ። ትንሽነቷን አይታችሁ አትናቋት፤ ዊንዶውስም ሊኑክስም የሚገቡት በእሷ በር ነው። እሷን ማጥፋት ሁለቱንም ቤት በአንድ ጊዜ መዝጋት ነው።

ከመንካት በፊት

ፋይላችሁን ወደ ሌላ ዲስክ ቅዱ። ይህን የሚያነብ ሁሉ ራሱን ነቅንቆ ያልፈዋል፤ ተመልሶ ሱቅ የሚመጣውም ያ ያለፈው ነው።

መብራትን አስቡ። ክፍልፋይ ማጥበብ የደቂቃዎች ሥራ ሊሆን ይችላል፤ መነሻውን ከቦታው ማንቀሳቀስ ግን እያንዳንዱን ፋይል ማጓጓዝ ስለሆነ ሰዓታት ይወስዳል። መሐል ላይ መብራት እልም ካለ ግማሹ ጭነት እዚያ፣ ግማሹ እዚህ ይቀራል። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ሞልቶ፣ ቻርጀሩም ተሰክቶ ይሁን። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ወይም ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚያቆይ ባትሪ) የቆመ ዴስክቶፕ ላይ ደሴ በክረምት ክፍልፋይ አላንቀሳቅስም፤ ደንበኛው ቢቆጣም አላንቀሳቅስም።

ቢትሎከርን፣ የዊንዶውስን የዲስክ መቆለፊያ፣ ፈትሹ። አዳዲስ ላፕቶፖች ባለቤቱ ሳያውቅ ተቆልፈው ይመጣሉ። የመነሻ ቅደም ተከተል ስትቀይሩ ዊንዶውስ 48 አኀዝ ያለው የማስመለሻ ቁልፍ ሊጠይቃችሁ ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው ላፕቶፑ በተመዘገበበት የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ነው፤ ቀድማችሁ አውጡትና በወረቀት ገልብጡት። ዲስኩ ውስጥ አስቀምጦ ዲስኩን የቆለፈ ሰው አጋጥሞኛል።

የማዳኛ ፍላሽ አዘጋጁ። 16 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ ቬንቶይን ጫኑ፤ ከዚያ የኡቡንቱንና የጥገናውን ሊኑክስ የሲስተምሬስኪውን የአይኤስኦ ፋይሎች (ሙሉ ሲስተሙን የያዙትን) እንደማንኛውም ፋይል ገልብጡበት። ስታስነሱት የትኛውን እንደምትፈልጉ ይጠይቃችኋል። የኡቡንቱው ፋይል ብቻውን ከ5 ጊጋባይት በላይ ስለሆነ የሌሊት ጥቅል ገዝቶ ማውረድ ይሻላል።

ማየትና መሳል

የዊንዶውስ ቁልፍንና ኤክስን አንድ ላይ ተጫኑና ዲስክ ማኔጅመንትን ክፈቱ። ከታች የምታዩት ሰንሰለት የዲስኩ መልክ ነው፤ ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል። እኔ ባለ ካሬ መስመር ደብተር አውጥቼ እስለዋለሁ። የተማሪዋ ዲስክ ዊንዶውስ ስላልተነሳ ከፍላሹ ነው ያየሁት፤ ደብተሬ ላይ እንዲህ ሆነ፦ መጀመሪያ ግማሽ ጊጋባይት የሲስተም ክፍልፋይ፣ ቀጥሎ ሲ 150 ጊጋባይት፣ ቀጥሎ ዲ 215፣ መጨረሻ ላይ ባዶ የሚባል 100። ድምሩ 465 ገደማ፤ 500 ተብሎ የተሸጠ ዲስክ በዊንዶውስ ቆጠራ ይህን ያህል ነውና የጎደለ የለም።

ዲስክ ማኔጅመንት ላይ ቀለሙን ተመልከቱ። ጥቁር መስመር ያለበት «አንአሎኬትድ» ማንም ያልተመደበበት ቦታ ነው። አረንጓዴ የሆነው «ፍሪ ስፔስ» ግን በኤክስቴንድድ አጥር ውስጥ ያለ ባዶ ቦታ ነው። የእሷ 100 ጊጋባይት ከአጥሩ ውስጥ ነበር፤ በዚያ ላይ በሲና በእሱ መካከል ዲ ተቀምጧል። ዊንዶውስ ሲን የሚያሰፋው ወዲያው በስተቀኙ ጥቁሩ ባዶ ቦታ ሲኖር ነው። ስለዚህ ምርጫው ደበዘዘ፤ ማንም ሳያርስበት የኡቡንቱው ማሳ እንደቆመ ቀረ።

ፊደልና የፋይል ሥርዓት ስም የሌለው ትልቅ ክፍልፋይ ካያችሁ ሊኑክስ ነው ብላችሁ ገምቱ። ዊንዶውስ የሊኑክስን ኢኤክስቲ 4 ማንበብ ስለማይችል ስም ሳይሰጠው ያልፈዋል። በአንዳንድ ዲስኮች ላይ ደግሞ ፊደል ይሰጠውና ስትነኩት «ከመጠቀምዎ በፊት ፎርማት ያድርጉ» ይላችኋል። ሰርዙት። ይህች አንዲት ጥያቄ የበላችው ፋይል ቫይረስ ከበላው አያንስም እላለሁ።

መዝገቡ ኤምቢአር ይሁን ጂፒቲ ለማወቅ በዲስኩ ስም ላይ ቀኝ ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ «ቮልዩምስ» የሚለውን ተመልከቱ። የአነሳስ ሁኔታውን ደግሞ «ሲስተም ኢንፎርሜሽን» ውስጥ «ባዮስ ሞድ» ከሚለው መስመር ታገኛላችሁ። ማዳኛውንም ሆነ አዲሱን ሲስተም የምታስነሱት በዚያው ሁኔታ ነው። ዊንዶውስ በዩኢኤፍአይ፣ ኡቡንቱ በአሮጌው ባዮስ ከተጫኑ ሁለቱም ይኖራሉ፤ አንዱ ግን የሌላውን በር አያየውም።

የጠፋን ክፍልፋይ መመለስ

የተማሪዋን ላፕቶፕ ያነሳሁት «ቴስትዲስክ» በሚባል ነጻ ፕሮግራም ነው፤ ሲስተምሬስኪው ውስጥ ተጭኖ ይመጣል።

1. ፍላሹን ሰክታችሁ አብሩ። እንደ ላፕቶፑ ዓይነት ኤፍ 12፣ ኤፍ 9 ወይም ኢስኬፕ በመጫን ከፍላሹ እንዲነሳ ምረጡ።

2. የትእዛዝ መስመሩ ሲመጣ «ቴስትዲስክ» ብላችሁ በትንንሽ ፊደላት ጻፉ። የሥራ መዝገብ ይከፈት ወይ ሲል «ክሪኤት» በሉት።

3. ዲስኩን በመጠኑ ለዩት። 465 የሚለው የላፕቶፑ ነው፤ 14 ወይም 15 የሚለው ፍላሻችሁ ነው። እዚህ ላይ አንዴ ቆም በሉ።

4. የመዝገቡን ዓይነት ፕሮግራሙ ራሱ ይገምታል፤ «ኢንቴል» ካለ ኤምቢአር፣ «ኢኤፍአይ ጂፒቲ» ካለ ጂፒቲ ነው። ግምቱን ተቀበሉ።

5. «አናላይዝ»፣ ቀጥሎ «ክዊክ ሰርች»። የተገኙት ክፍልፋዮች በዝርዝር ይመጣሉ።

6. ማንኛውንም ነገር ከመጻፍ በፊት በጠፋው መስመር ላይ ቆማችሁ የፒ ቁልፍን ተጫኑ። ክፍልፋዩ እውነተኛ ከሆነ ፎልደሮቹ ይዘረዘራሉ። ተማሪዋ «ሆም» የሚለውን ፎልደር፣ በውስጡም የራሷን ስም ስታይ ነበር ትንፋሿን የለቀቀችው። በኪው ቁልፍ ትመለሳላችሁ።

7. ከእያንዳንዱ መስመር በስተግራ ያለውን ፊደል ተመልከቱ። ዲ ማለት የተሰረዘ፣ ፒ ዋና፣ ኤል ንዑስ፣ ኮከብ ደግሞ የመነሻው ክፍልፋይ ነው። በግራና በቀኝ ቀስት ትቀይሩታላችሁ። ሊቀር የሚገባው ሁሉ ዲ እንዳይሆን፤ በደብተራችሁ ላይ ከሳላችሁት ጋር አንድ በአንድ አስተያዩ። «ስትራክቸር ኦኬ» ካላለ ክፍልፋዮች እርስ በርስ ተደራርበዋልና አትጻፉ።

8. ኢንተር፣ ከዚያ «ራይት»፣ ከዚያ ዋይ። ውጡና ኮምፒውተሩን እንደገና አስነሱ።

በፈጣኑ ፍለጋ ካልተገኘ «ዲፐር ሰርች» አለ። ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር ስለሚያስስ ረጅም ጊዜ ይፈጃል፤ ጎረቤት ቡና ጀባ ካሏችሁ ሄዳችሁ እስከ በረካው ጠጥታችሁ ብትመለሱ አይረፍድባችሁም። የእሷ ግን በፈጣኑ ተገኘ። ከአጥሩ ውስጥ ብቸኛው ንዑስ ክፍልፋይ ስለነበር ቁጥሩም አልተዛባም፤ ግራብ ቤቱን አገኘና የሁለቱ ሲስተሞች ዝርዝር እንደ ድሮው ወጣ።

ሊኑክሱን ሆን ብላችሁ አጥፍታችሁ ዊንዶውስን ብቻ የምትፈልጉ ከሆነ ይህ ሁሉ አያስፈልግም። በዩኢኤፍአይ ላፕቶፕ ከመነሻ ዝርዝሩ «ዊንዶውስ ቡት ማኔጀር»ን ማስቀደም ይበቃል። በኤምቢአር ከሆነ በዊንዶውስ መጫኛ ፍላሽ ተነስታችሁ፣ «ሪፔር» ውስጥ የትእዛዝ መስመሩን ከፍታችሁ «ቡትሬክ» ብላችሁ ክፍት ቦታ ትታችሁ፣ በጋድም መስመር (/) «ፊክስኤምቢአር» ጻፉ።

ዝርዝሩ ሲጠፋ ወይም አንዱ ሲጎድል

ዊንዶውስ ራሱን ካዘመነ በኋላ ኡቡንቱ የጠፋ ቢመስል መጀመሪያ ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ የመነሻ ቅደም ተከተሉን እዩ። «ኡቡንቱ» የሚለው ወደ ታች ወርዶ ታገኙታላችሁ፤ ወደ ላይ መመለስ ነው። ካልተገኘ ከኡቡንቱ ፍላሽ ተነስታችሁ፣ ኢንተርኔት አገናኝታችሁ «ቡት-ሪፔር»ን ጫኑና የሚመከረውን ጥገና ምረጡ። ነሐሴ 7 ቀን 2016 ዓ.ም. የወጣው የዊንዶውስ የደኅንነት ማሻሻያ ግን ነገሩን አወሳስቦት ነበር፤ አንዳንድ ሊኑክሶች «ኤስባት» የሚል ቃል ያለበት ስሕተት አሳይተው አልነሳም አሉ። መፍትሔው «ሴኪዩር ቡት»ን፣ ያልተፈረመ ሲስተም እንዳይነሳ የሚከለክለውን ቅንብር፣ ለጊዜው አጥፍቶ ሊኑክሱን ማዘመን፣ ከዚያ መልሶ ማብራት ነበር። የቢትሎከሩ ቁልፍ በእጃችሁ ሳይኖር ግን ሴኪዩር ቡትን አትንኩ።

በተቃራኒው ኡቡንቱ ተነስቶ ዊንዶውስ ከዝርዝሩ ከጎደለ ምክንያቱ ሌላ ነው። ግራብ ከ2.06 ጀምሮ ሌሎች ሲስተሞችን በራሱ መፈለግ ትቷል። ኢቲሲ ውስጥ ዲፎልት በሚለው ፎልደር ያለውን «ግራብ» የተባለ ፋይል በአስተዳዳሪ መብት ክፈቱ፤ «ግራብ ዲስኤብል ኦኤስ ፕሮበር» የሚለውን መስመር፣ በትልልቅ ፊደላትና ቃላቱ በታች ሰረዝ ተያይዘው፣ «ፎልስ» አድርጉት። አስቀምጡና «ሱዶ አፕዴት-ግራብ» በሉ።

ዊንዶውስ እንቅልፍ ላይ ሳለ

አንድ ትእዛዝ ብቻ አስተምር ብባል የማስተምረው ይህንን ነው። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ «ፋስት ስታርትአፕ» የሚባል ነገር አለ፤ ኮምፒውተሩን ስትዘጉት ዊንዶውስ በእውነት አይዘጋም፤ ግማሽ አካሉ ተኝቶ ያድራል። ክፍልፋዮቹን እንደያዘ ስለተኛ ሊኑክስ ሊከፍታቸው ሲል ወይ አይከፈቱም፣ ወይ ለማንበብ ብቻ ይከፈታሉ። አስገድዶ መጻፍ ደግሞ ፋይል ያበላሻል። «ኤንቲኤፍኤስፊክስ» የሚባለውን የሊኑክስ ትእዛዝ እንደ መድኃኒት የሚያዝዙ አሉ፤ እሱ በአብዛኛው ምልክቱን ነው የሚያነሳው፤ ትክክለኛው ምርመራ በራሱ በዊንዶውስ «ቸክዲስክ» ነው።

በዊንዶውስ የትእዛዝ መስመሩን በአስተዳዳሪ መብት ክፈቱና «ፓወርሲኤፍጂ»፣ ክፍት ቦታ፣ ጋድም መስመርና ኤች፣ ክፍት ቦታ፣ «ኦፍ» ብላችሁ ጻፉ። እንቅልፉም ፈጣን አነሳሱም ይጠፋሉ። በሲ ላይ የእንቅልፉን መረጃ የሚይዘው ድብቅ ፋይልም አብሮ ይጠፋል፤ ብዙ ጊጋባይት የሚበላ ፋይል ነው።

ለሊኑክስ ቦታ ለመልቀቅ ሲን ልታጠቡ ስትሉ፣ 80 ጊጋባይት ባዶ እያለ ዊንዶውስ 6 ብቻ እሰጣለሁ ካላችሁም አንዱ ተጠያቂ ይኸው ፋይል ነው። የቀሩት የቨርቹዋል ሜሞሪው ፋይልና የማስመለሻ ነጥቦቹ ናቸው። እነዚህ ከቦታቸው የማይነሱ ስለሆኑ ወሰኑ ከእነሱ አልፎ አይገባም። ለጊዜው አጥፏቸው፣ እንደገና አስነሱ፣ አጥብቡ፣ መልሳችሁ አብሯቸው። ማጥበቡን በዊንዶውስ በራሱ አድርጉት፤ ለሊኑክስ የሚሆነውን መፍጠር ለኡቡንቱ መጫኛ ተዉለት።

ቀሪዎቹ ባጭሩ

መጫኛው ዲስኩን ጨርሶ ካላየው ባዮስ ውስጥ የዲስኩ መቆጣጠሪያ ሁኔታ «ሬይድ» ወይም «አርኤስቲ» ላይ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ወደ «ኤኤችሲአይ» ይቀየራል፤ ግን በቀጥታ ከቀየራችሁት ዊንዶውስ በሰማያዊ ስክሪን ይወድቃል። መጀመሪያ በ«ኤምኤስኮንፊግ» ሴፍ ሞድን (ዊንዶውስ በአስፈላጊው ብቻ የሚነሳበትን) ምረጡ፣ እንደገና ሲነሳ ባዮስ ገብታችሁ ቀይሩ፣ ዊንዶውስ አንዴ በሴፍ ሞድ ከተነሳ በኋላ ምርጫውን አንሱት።

ኤምቢአር ላይ አምስተኛ ክፍልፋይ ስትፈጥሩ ዊንዶውስ ዲስኩን ወደ «ዳይናሚክ» ልቀይረው ቢላችሁ እምቢ በሉ፤ ከዚያ በኋላ ሊኑክስ መጫን ጣጣ ነው።

ኡቡንቱ ሲነሳ አንድ ደቂቃ ተኩል ቆሞ የሚጠብቅ ከሆነ የሌለ ክፍልፋይ እየፈለገ ነው። ክፍልፋይ ሲጠፋ ወይም ፎርማት ሲደረግ መለያ ቁጥሩ ይለወጣል፤ «ኤፍኤስታብ» በተባለው ፋይል ውስጥ ግን የድሮው ቁጥር ይቀራል። ያንን መስመር በአዲሱ ቁጥር ተኩት ወይም ፊቱ ላይ የመሰላል ምልክት (#) አድርጋችሁ ዝም አሰኙት።

ለሁለቱም ሲስተም የሚሆን ፋይል የምታስቀምጡበትን ዲን በዊንዶውሱ የፋይል ሥርዓት፣ በኤንቲኤፍኤስ አድርጉት፤ ሊኑክስ ያነበዋል፣ ይጽፍበታልም። ዲ እንደ ባቲ ሰኞ ገበያ ነው፤ ከቆላም ከደጋም የመጣ የሚገናኝበት።

ሰዓታችሁ ደግሞ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ቢል፣ ለምሳሌ ከቀኑ 9 ሆኖ ዊንዶውስ 6 ቢያሳያችሁ፣ ዲስኩን አትጠርጥሩ። ሊኑክስ የኮምፒውተሩን ሰዓት በዓለም አቀፉ ጊዜ ይሞላል፤ ዊንዶውስ ያንኑ የአገር ቤት ሰዓት አድርጎ ያነበዋል፤ ልዩነቱ የእኛው 3 ሰዓት ነው።

ተማሪዋ ጽሑፏን ወደ ፍላሽ ከገለበጠች በኋላ «ሲስ ጋሼ? አሁንም ሙሉ ነው» አለች። እውነቷን ነው። ጂፓርትድ የተባለውን የክፍልፋይ ማስተካከያ ከፍቶ ዲን ወደ ቀኝ መግፋት ይቻል ነበር፤ 215 ጊጋባይት በዚያ አሮጌ ዲስክ ላይ ማጓጓዝ ግን ያን ዕለት መብራት ሁለት ጊዜ ሄዶ በመጣበት ከተማ አላማረኝም። የእንቅልፉን ፋይል በዚያች ትእዛዝ አጠፋን፣ በ«ዲስክ ክሊንአፕ» የድሮውን ዊንዶውስ ትርፍራፊ ጠረግን፣ ቪዲዮዎቿን ወደ ዲ አዛወርን። ሲ ላይ 31 ጊጋባይት ተለቀቀ፤ አንድም ወሰን አልተነካም።

የሳልኩላትን ወረቀት ከደብተሩ ገንጥዬ ሰጠኋት። በመጨረሻው ሳጥን ላይ በእስክሪብቶ «ኡቡንቱ፣ አይነካም» ብላ ጻፈችና አጥፋ ከላፕቶፑ ቦርሳ ከተተችው።